የሁዳ ፍሬን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። ሁለት አምፖል፣ ትንሽ ገመድ… በቃ። ሱቁን ዘግቼ ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ።

እህቴ ሁዳ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። መቆንጠጫውን በጥርሷ ይዛ፣ በቀኝ እጇ ብቻ። ላግዝሽ አላልኩም። ስላት ትቆጣለች።

ስትጨርስ፣ ከቤቱ ጀርባ ላስቲክ የለበሰውን ማውንቴን ሳይክሏን አየችው።

"ሽጥልኝ" አለች።

"ለምን?"

"በየትኛው እጄ ፍሬን ልይዝ?"

ሰኔ ላይ በሳይክሏ ወደ ድልድዩ ስትወርድ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቿ ግን መጨበጥ እምቢ አሉ። ሐኪሙም ከዚህ ብዙ አይሻሻልም ብሏታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አራት ኪሎ መድኃኒት ቤት ሥራዋ በሳይክል ነበር የምትሄደው። አሁን የታክሲ ሰልፍ…

እሺ፣ እሸጠዋለሁ አልኳት። እውነት እሸጠዋለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አልሸጥኩትም። አትክልት ተራ አጠገብ ጋሽ ሐዱሽ ጋ ወሰድኩት። ዕድሜውን ሙሉ ሳይክል ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው።

"ሁለቱንም ፍሬን በቀኝ እጅ ብቻ መያዝ ይቻላል?" አልኩት።

"ማን ሊነዳው?"

"እህቴ።"

ጎማውን አዞረ። ጎንበስ ብሎ የኋላውን ፍሬን አየ። "ይቻላል። ግን ይሄ የፍሬን ሸራ እኮ አልቆ ብረት ነው የሚፋጨው! ማንም አላየውም?"

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

እዚህ ልጻፈው። እኔ አይቼዋለሁ። ሰኔ ላይ "አቡኪ፣ ፍሬኑ ይጮሃል" አለችኝ። አየሁት፣ አልቋል። "እሁድ እቀይርልሻለሁ" አልኳት። እሁድ ኳስ ነበር… ማክሰኞ ወደቀች። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

ጋሽ ሐዱሽ የብሎን መፍቻውን በእጄ አስጨብጦኝ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። "እህትህ አይደለች? አንተ ሥራው" አለኝ። ያለቀውን ሸራ ቀየርኩ፣ የግራውን የፍሬን እጀታ አወለቅኩ። የፊቱንም ማርሽ መቀየሪያ። ማርሽ የምትቀይረው በቀኟ ብቻ ይሆናል። የግራውን መያዣ አወፍሬ ቆዳ ጠቀለልኩበት፣ መጨበጥ ባትችልም መዳፏ እንዲያርፍበት። ኮርቻውን ዝቅ አደረግነው፣ እግሯ መሬት እንዲደርስ።

እጄ ግራሶ በግራሶ ሆነ። ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሁለት ካቦ ባንዴ የሚስብ የፍሬን እጀታ ተገኘ! ጋሽ ሐዱሽ ከአሮጌ ዕቃ መሃል ፈልፍሎ አወጣው።

እሁድ፣ ጥቅምት 16

እጀታውን ገጥመን ሞከርኩት። ግራ እጄን በሻርፕ ከደረቴ ጋር አስሬ። ፍሬኑን ስይዝ የፊቱ ቀድሞ ነከሰ፣ በመሪው ላይ ተሽቀንጥሬ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ። ጉልበቴ ተላጠ።

"የኋላው መቅደም አለበት፣ የፊቱን ካቦ እናላላው" አለ ጋሽ ሐዱሽ፣ እያነሳኝ።

ሰባት ጊዜ አስተካከልን። በስምንተኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። የእጄን ሻርፕ ፈታሁ። እሷ ቁልቁል ስትወርድ፣ ፍሬኑን ይዛው እምቢ ሲላት… ምን አለች ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወደ ቤት አመጣሁት። ሁዳ መጀመሪያ አላወቀችውም። ከዚያ ቀኝ እጇን እጀታው ላይ አደረገች፣ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ። ሁለቱም ጎማ ያዘ። አይኗ እንባ ሞላ።

"አቡኪ… አላህ ይስጥልኝ።"

ምስጋናዋን መሸከም አቃተኝ። ነገርኳት። ሸራው ማለቁን አይቼ እንደነበር፣ እሁድን፣ ኳሱን፣ ሁሉንም።

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ 'ቀስ ብለሽ ብትነጂ ኖሮ' ስትለኝም ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

ክፍሏ ገብታ ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

አምስት ቀን። ቃል አልተነፈሰችም። እማዬ "ምን አደረግካት?" አለችኝ። ሁዳ አልነገረቻትም ማለት ነው። እኔው ነገርኳት።

እማዬ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። "እኔም እኮ 'ሴት ልጅ ምን ሳይክል ላይ አወጣት' ብያታለሁ" አለች። ተነስታ የሁዳን በር አንኳኳች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። የሁለቱን ልቅሶ ግን ሰማሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 30

ጠዋት ሁዳ ከበሩ ላይ ቆማ፣ "ሸራ እንዴት እንደሚቀየር አሳየኝ" አለች።

ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። ጎማውን በግራ ክርኗና በጉልበቷ ያዘች፣ በቀኟ ፈታች። ብሎኑ ሦስት ጊዜ ወደቀባት። ላነሳ ስል፣ "ተወው!"

ስትጨርስ፣ "ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም" አለችኝ።

"አላልሽም።"

"ከአሁን በኋላ ግን ፍሬኔን የማየው እኔ ነኝ።"

እሁድ፣ ህዳር 7

ፒያሳ፣ አዲሱ የሳይክል መንገድ ላይ፣ ሰው ሳይበዛ። እየነዳች፣ እኔ ከኋላ እየሮጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ መንዳትና ማቆም ብቻ። ሳንባዬ ሊወጣ! አንዴ ዞር ብላ አየችኝና ሳቅ አመለጣት። ቶሎ ዋጠችው።

ሰኞ፣ ህዳር 15

ዛሬ ሥራ በሳይክል ሄደች። አትከተለኝ አለች፣ አልተከተልኳትም። ሱቄ ውስጥ አንድ ደንበኛ ሶኬት ሲጠይቀኝ አምፖል ሰጠሁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች።

"ደረስኩ።"

"ቁልቁለቱስ?"

"ፈራሁ። ግማሹን ወርጄ ገፋሁት። ደንበኛ አለብኝ፣ ቻው።"

ማታ ጎረቤታችን እትዬ አሰፋች መጡ። ሳይክሉን በሩ ላይ ሲያዩ፣ "አንቺ ልጅ ደግሞ ጀመርሽ? እንዳለፈው በጥድፊያሽ…" ብለው ጀመሩ።

"ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፣ እትዬ" አልኳቸው። "ፍሬኑ ማለቁን አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

እትዬ አሰፋች ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊቴ ነደደ። ሁዳ ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ።

ራት በልተን ሳህን ስታነሳ አጠገቤ ቆመች።

"ነገ አብረን እንውረድ" አለችኝ። "ግማሹን ስለምገፋው በእግርህም ትደርስብኛለህ።"