በጀርባዬ የማየው ፊልም

ሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 9 ቀን
ከሲኒማ ቤቱ ትኬት መቁረጫ ክፍል

ለልጄ፣ ለዓይን ማረፊያዬ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ እንዳልሆነ ፖስታውን ስታዪ ገብቶሻል፤ ክፉ ነገር ደርሶ ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ። እኔ እናገራለሁ፣ የምትጽፈው ትኬት ቆራጯ ናት። አዎ፣ እሷው ራሷ፣ በልጅነትሽ «እትዬ መስኮት» የምትዪያት። ሁልጊዜ በዚያች ትንሽ መስኮት ብቅ ስትል ስለምታዪያት ከወገቧ በታች ምንም ያላት አይመስልሽም ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተሻት «አባዬ፣ እትዬ መስኮት እግር አወጣች!» ብለሽ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኽሽ።

(እኔም አልረሳሁትም። ያኔ እግሬ ቀጭን ነበር።)

ያልኩትን ብቻ ጻፊ ብያት ነበር። እኔ ዝም ካልኩ በኋላም ብዕሩ ሲጫጫር እሰማለሁ፤ እንግዲህ የራሷን እየጨመረች መሆን አለበት። ቢያንስ በቅንፍ አድርጊው ብያታለሁ፤ የቱ የማን እንደሆነ አንቺው ለዪ።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አስነብቤ ሰማሁት። በወሩ መጨረሻ መኪና ይዘሽ መጥተሽ ልትወስጂኝ ነው። ክፍሉ ቀለም ተቀብቷል፣ አልጋውም ገብቷል፣ ልጆችሽም ማን እጄን ይዞ እንደሚያዞረኝ ከወዲሁ ተጣልተዋል። ተባረኪ ልጄ። እንዲህ ያለች ልጅ ወልጄ ምን ጎደለኝ እላለሁ። ግን ነገሩን የሰማሽው ከፊልም አጫዋቹ ነው፤ ጥፋቱ ግማሹ የራሱ ስለሆነ አሳምሮ ነው የሚነግርሽ። ከእኔው አፍ ስሚው።

ዓይኔ መድከም ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሐኪሙ የሚመለስ አይደለም ካለኝም ዓመት ሊሞላው ነው። ላንቺም ለማንም አልተናገርኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እንደምታውቂው የእሑድ ከሰዓት ድምፅ አልባ ፊልሞቻችን ከሠላሳ አይበልጡም። ሃያ ስድስት ዓመት እየደጋገምኩ በፒያኖ አጅቤያቸዋለሁ። ሰውዬው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚወድቅ፣ ልጅቷ ደብዳቤውን ስንት ጊዜ አገላብጣ እንደምታለቅስ ጣቶቼ ያውቁታል። ከበሩ እስከ ፒያኖው አሥራ አራት እርምጃ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ እኔው ነው፤ ማን ያውቅብኛል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

የፈሩት ይደርሳል። ከሦስት ሳምንት በፊት የዳቦ ጋጋሪውን ፊልም አሳየን፤ መጀመሪያ እናቱ የምትሞትበትን፣ በኋላ እሱ የሚያገባበትን። ትንሽ ሆነሽ ወንበር ሥር ገብተሽ ያለቀስሽበት ነው። ሦስተኛው የፊልም ጥቅል ቀብሩ ነው፣ አራተኛው ሠርጉ። ያ ፊልም አጫዋች ከማን ጋር ወሬ ይዞ እንደነበር እንጃ፣ አራተኛውን ከሦስተኛው አስቀደመው። ስክሪኑ ላይ ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ፣ እኔ ታች ሆኜ የቀብሩን ዜማ አወርዳለሁ። ሰው ሳቀ። በቀብር ላይ የሚስቅ ምን ዓይነት ጉድ ነው ብዬ ይባስ አዘገየሁት። እነሱም ይባስ ሳቁ።

ጥቅሉ ሲቀየር በሙሉ ልቤ ወደ ሠርጉ ገባሁ። እንደዚያ ያለ ጭፈራ ተጫውቼ አላውቅም። አሁን የሚስቅ ጠፋ። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ነውር ነው! የሰው እናት ሞታ!» አለች። ጣቶቼ ቆሙ። ምን እንደተፈጠረ ለማየት እንደ ድሮዬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ለካ የዞርኩት ወደ መውጫው በር ኖሯል። አዳራሹ ሙሉ ሰው አየኝ። ልጄ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አይደለም። በማግስቱ ቢሮው አስቀምጦኝ «ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለ። ቀጥሎ «በቃ እርስዎ ይረፉ፤ የተቀዳ ሙዚቃ እናጫውታለን» አለኝ። ፊልም አጫዋቹ የደወለልሽ ያን ዕለት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ዕለት መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ እከተልሽ ነበር።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባል የለ? ገና ከወንበሬ ሳልነሳ በሩን ሳታንኳኳ ገባች፣ ይህችው ጸሐፊሽ።

«ፊልሙ ከተጀመረ ትኬት የሚገዛ የለም። መስኮቴን ዘግቼ አጠገባቸው እቀመጣለሁ» አለች።

«ተቀምጠሽስ? ፊልሙን ልትተርኪላቸው ነው? ተመልካቹ ምን ይለናል?» አላት።

«እናገራለሁ ማን አለዎት?»

አንድ እሑድ እንሞክር ተባለ።

ዘዴው የእሷ ነው። ሁለቱም እጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፤ ጀርባዬ ግን ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ ጀርባዬ ላይ ትነግረኛለች። መዳፏን ዘርግታ ካሳረፈች ሐዘን ነው። ሁለት ጣቶቿ ከወገቤ ወደ ትከሻዬ ከሮጡ የሚሳደዱ ሰዎች አሉ። ካንኳኳችኝ ሰው በር ላይ ቆሟል። ከቆነጠጠችኝ የወደቀ አለ። በባዶው አዳራሽ፣ በሌላ ፊልም፣ ሦስት ቀን ተለማመድን። የመጀመሪያው ቀን ሰውዬው ወድቆ፣ ተነስቶ፣ ልብሱን አራግፎ ከሄደ በኋላ ነው የቆነጠጠችኝ። ምልክቱ እስካሁን አለ።

(ሳቅ ይዞኝ ነው የዘገየሁት። ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ እንዳታምኚያቸው።)

ትናንት ያንኑ የዳቦ ጋጋሪውን ፊልም አሳየን፤ ባለቤቱ ሆን ብሎ ነው። ፊልም አጫዋቹ ጥቅሎቹን ሦስት ጊዜ አያቸው አሉ። ይህ ካልሆነ ሌላ እሑድ የለኝም። መብራቱ ጠፋ። ሮጥን፣ ወደቅን፣ በር ተንኳኳ። እናትየዋ አልጋ ላይ ስትወድቅ መዳፏ መጣ፤ አፍንጫዋንም ስትስብ ሰማሁ። እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ። ለካ ሃያ አምስት ዓመት ትኬት ስትቆርጥ ይህን ፊልም አንድም ቀን አይታው አታውቅም! ፊልሙ ሲጀመር እሷ ከመስኮቷ ጀርባ ናት። ያቺን እናት የምታውቃት በግድግዳው በኩል፣ በእኔ ፒያኖ ብቻ ነበር። በኋላ ምን ሆነሽ ነው ብላት «ልክ ባሰብኳት መልክ ሆና አገኘኋት» አለችኝ። እስከ ዛሬ ስጫወት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልሰማሁም።

ሰው አጨበጨበ። ወንበሮቹ ተንኳኩ፣ የሰዉ ድምፅ ወደ በሩ ራቀ። ፊልሙ አልቋል፣ እጇ ግን ከጀርባዬ አልተነሳም። እኔም አልተነሳሁም።

(ፊልሙ አላለቀም ነበር። «መጨረሻ» የሚለው ጽሑፍ ገና ስክሪኑ ላይ ነበር፤ እሱም የፊልሙ ክፍል ነው።)

ብዕሩ ብዙ ጻፈ፤ ምን አለችሽ? ለማንኛውም ባለቤቱ ዛሬ ጠዋት «በሉ ሁለታችሁም ቀጥሉ» ብሎናል።

እናትሽን ረስቼ አይደለም። ትቀመጥበት የነበረውን የጥግ ወንበር ዛሬም ሳልፍ በእጄ ነካ አደርገዋለሁ። እሷ ካረፈች ሰባት ዓመት ብቻዬን በልቼ ብቻዬን ስተኛ ምርር ብሎኝ አያውቅም። አንቺ ቤት ሁሉ ነገር እንደሚሟላልኝም አውቃለሁ። ግን እዚያ የሚነገረኝ ምንድን ነው? «አባዬ ደረጃ አለ፣ አባዬ ቀስ በል፣ አባዬ ተቀመጥ» ነው። እዚህ ሰው ሲሮጥ፣ ሲዋደድ፣ ሲወድቅ ይነገረኛል። ዓይኔ ሄዷል ልጄ፤ ይህንንም ጨምሬ ማጣት አልፈልግም።

ስለዚህ በወሩ መጨረሻ ነይ። መኪናውንም ልጆቹንም ይዘሽ ነይ፤ ቀኑ እሑድ ይሁንና ከፊት ተቀመጡ። ስትመለሺ ግን እኔን አትጫኚኝ። ክፍሉን ለልጆቹ ስጪያቸው። ከተቀየምሽ ተቆጪኝ፤ ብቻ መጥተሽ ተቆጪኝ።

ስትወድቂ የሚያነሳሽ፣ ስትደክሚ የሚያሳርፍሽ እጅ አትጪ። ልጆችሽን አሳድጎ ያሳይሽ።

አባትሽ

ፊርማው የራሴ ነው፤ ከተጣመመ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው።


ልጄ፣ አባትሽ ኮታቸውን ሊለብሱ ተነስተዋል፤ ፖስታ ቤት አብረን ልንሄድ ነው። ሳይመለሱ አንድ ነገር ያለ ቅንፍ ልጻፍልሽ። ከላይ የዋሸሁሽ አለ። «መጨረሻ» የሚለው ጽሑፍ ከጠፋ ቆይቶ ነበር። መብራቱም በርቶ ነበር።

እትዬ መስኮት