ሦስት ካልሆነ ሁለት አንፈልግም ላሉት ሊቀመንበር

ለተከበሩ ጓድ ዓምሃ
የኮሌጃችን ቅርጫት ኳስ ቡድን የደጋፊዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር
ጉለሌ፣ ጥቅምት 1979 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የበረታ፣ ቤትዎም እንደ ስብሰባዎ ዘወትር የሞላ ይሁን እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ትንሽ ጉዳይ፣ ስለ በጌ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ማኅበር ብዬ ከሸጎሌ ያመጣሁት ጥቁር በግ ገመዱን በጥሶ ኮሌጁ ሜዳ ገባና፣ ኮሚቴዎ ባስቀባው አዲስ የሦስት ነጥብ መስመር ላይ ቀለሙ ሳይደርቅ ተኛበት። አሁን ከትከሻው እስከ ታፋው ነጭ ቅስት ይዞ ይዞራል። ማኅበርተኞቼ ሲያዩት ከሁለት በግ የተሰፋ እንዳይመስላቸው እሠጋለሁና፣ ቀለሙ በምን እንደሚለቅ ቢነግሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

በጉን ካነሣሁ አይቀር ስለ መስመሩም ጥቂት ልበል። ከመስመሩ ውጭ ተወርውሮ የገባ ኳስ ሦስት ነጥብ፣ ከውስጥ የገባ ሁለት ነጥብ ያስቆጥራል የሚለው ሕግ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ጉለሌ የደረሰው ዘንድሮ ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ የለቀምኩ ሰው ብሆንም፣ ሦስት ከሁለት እንደሚበልጥ አውቅ ነበር። ባዶ ከሁለት እንደሚበልጥ ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼንም በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በመስከረሙ ስብሰባ ቡድናችን በየጨዋታው አሥር ኳስ ከሩቅ እንዲያስቆጥር ዕቅድ አውጥተው በጭብጨባ አስጸደቁልን። ለስንዴና ለጤፍ ዕቅድ ሲወጣ ሰምቻለሁ፤ እዚያ እንኳ ዝናቡ ምን እንዳሰበ የሚጠይቅ ገበሬ አይጠፋም። የሚወረውሩትን ልጆች ክንድ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ሁለተኛ፦ ደጋፊያችን ዓመል አወጣ። ድሮ አንዱ ልጅ ለጓደኛው ኳስ አሳምሮ ሲያቀብል እናጨበጭብ ነበር። ዛሬ ገና መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ሲነኩ «ሦስት! ሦስት!» ይባላሉ፤ ሁለት ነጥብ ያገባ ልጅ ዶሮ እንደ ሰረቀ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ጎረቤቴ ባጫ፣ ዕድሜ ልኩን ከመጋዙ ሌላ ደንታ ያልነበረው አናጢ፣ ባለፈው ጊዜ ዘወር ብሎ «ለሁለት ነጥብማ ከቤቴ ለምን ወጣሁ?» አለኝ። ይህን ያህል ሰው የሰለጠነው በአንድ ወር ውስጥ ስለሆነ ድካምዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ሦስተኛ፦ ያለፈውን ቅዳሜ ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። ስለሺ፣ የእኅቴ ልጅ፣ ቁመቱ ከቅርጫቱ ሥር የሚያስቆም፣ ለሩቅ ውርወራ ግን እጁ ያልተፈጠረ ልጅ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በአንድ ነጥብ ተመርተን ሳለ ኳሱን ከቅርጫቱ ሥር ብቻውን ያዘ። አጠገቡ አንድም ተከላካይ አልነበረም፤ ድስት መደርደሪያ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ማስቀመጥ ብቻ ቀርቶት ነበር። ይህን ጊዜ እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው በማጉያው «ውጣ! ዕቅዱን አትርሳ!» አሉት፤ ሕዝቡም ተቀበለና «ውጣ! ውጣ!» አለ። ልጁ ታላቅ ሲናገር እንዲሰማ ተደርጎ ያደገ ነውና፣ ባዶ ቅርጫት ጥሎ ኳሱን እያነጠረ ከመስመሩ ውጭ ወጣ። ዞሮ ሲቆም ሦስት ተከላካዮች ደርሰውበታል። ወረወረ። ኳሱ ከሰሌዳው በላይ፣ ከአጥሩም በላይ አልፎ ወይዘሮ ማሚቴ ደልዘው በሰሌን ያሰጡት በርበሬ ላይ አረፈ። ወይዘሮዋ ሲመልሱልን «ቅርጫቱ እዚያ ነው፣ ሰሌኑ የኔ ነው፤ ለዩ» ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል። ኳሱን የተቀበለው ዳኛም ሳያስበው ዓይኑን አሽቶ ጨዋታውን በለቅሶ ዘጋው። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን።

አራተኛና ዋናው፦ ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ኮሚቴዎ ነገ ዓርብ ስለሺን በጉባኤ ፊት አቁሞ ዕቅዱን ስላላሳካ ግለ ሂስ እንዲያደርግና ማልያውን እንዲያስረክብ ወስኗል። ልጁ ከዚያ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰም። ማልያውን እናቱ አጥባ ስታጥፈው አይቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ ፈትታ መልሳ አጠፈችው። ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ በሠርግም በለቅሶም ቀልድ የማላጣ ሰው ነኝ፤ እዚያ ላይ ግን ተነሥቼ ብዕርና ወረቀት ፈለግሁ። ልጁ ጥፋት ካለበት ጥፋቱ እኛን መስማቱ ነው። ስለዚህ ግለ ሂሱ የማይቀር ከሆነ ስለሺ ብቻውን እንዳይቆም በትሕትና እለምናለሁ፤ «ውጣ» ያሉት አፎች ሁሉ ከኋላው ይሰለፉ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ ያ ድምፅ ማጉያ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሩ እየተንኳኳ ነው።

ከመስመሩ ወዲህ ባለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለት ነጥብ ሲገባ ብቻውን የሚያጨበጭብ፣ ለዕቅድዎ ረጅም ዕድሜ ባይመኝም ለእርስዎ ከልቡ የሚመኝ፣

የስለሺ አጎትና የበጉ ባለቤት፣
ደበላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያንኳኩት እርስዎ ነበሩ። ከዚህ ቤት ደጃፍ ቆመው አይቼዎት ስለማላውቅ መጀመሪያ ለበጉ የመጡ መስሎኝ ነበር። ትናንት በልምምድ አምስቱም ልጆች ከመስመሩ ውጭ ተደርድረው ሲወረውሩ፣ ስቶ የተመለሰውን ኳስ የሚይዝ ሰው ከቅርጫቱ ሥር ጠፍቶ በጀማሪ ተማሪዎች መሸነፋቸውን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ያለ ማጉያ ሲናገሩ ደስ የሚል ድምፅ አለዎት። የነገው ጉባኤ በሥራ ብዛት መቅረቱን ገልጸው፣ ስለሺም ቅዳሜ ከቅርጫቱ ሥር እንዲቆምልዎ እንድለምነው፣ ነገሩ ግን በሁለታችን መካከል እንዲቀር አደራ አሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት አይተው ምን እንደምጽፍ ሲጠይቁኝ ሰጠሁዎት፤ በጉ ድረስ አንብበው ሳቁና «በላምባ ይለቃል» ብለው መለሱልኝ። ስለ ላምባው አመሰግናለሁ። ስለሺም እሺ ብሏል፤ ከቅርጫቱ ሥር ኳስ ሲይዝ «አግባ» የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ የእርስዎ እንዲሆን ብቻ ይፈልጋል። አደራዎንም ጠብቄያለሁ፤ ለአንድም ሰው በአፌ አልተናገርኩም። ደብዳቤውን የሜዳው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ከበጉ በታች ያለውን፣ ሳያነቡ የቀሩትን፣ ቅዳሜ ሲገቡ ሕዝቡ ያነብልዎታል።