በጨሞ የተዋጠ ኪኒን

ውድ ንጋቷ፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ቴፒ በምትመጣው በጎረቤታችን በሜሪ እጅ የላክሁልሽ ስልክሽን ሲሞን ስለሚያነሳው ነው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ተኝታለች» አለኝ። በእኩለ ቀን ሰው ይተኛል? አንቺስ ትተኛለሽ፤ እኔ ቤት ሳለሽም እህል ውኃ ሳትይ ነበር የምትተኚው። ቢሆንም አላመንኩትም። ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ። ተቀድዶ ከደረሰሽ ማን እንደቀደደው ታውቂያለሽ። ሲሞን፣ የከፈትከው አንተ ከሆንክም እስከ መጨረሻው አንብብና ለእህትህ ስጣት።

ዋናውን ላስቀድም፤ ሌላውን ባታነቢው እንኳ ይህን አንብቢ። ኪኒንሽን ከጨሞ ጋር አትዋጪ። ከቡናም፣ ከሻይም፣ ከወተትም ጋር አትዋጪ። ጠዋት እንደተነሳሽ በንጹሕ ውኃ ብቻ ዋጪና አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ሳትቀምሺ ቆዪ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ታምኚኛለሽ ብዬ አይደለም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ወንድምሽ ኤፍሬም ከሞተብን በኋላ የሚዛን ሰው ምን እንዳለ ታስታውሻለሽ። የሟች ሚስትና የሟች እህት በአንድ ጣሪያ ሥር አይከርሙም አሉ። እኛ አራት ዓመት ከረምን። እንቅርትሽ በኦፕራሲዮን ሲወጣ ከአልጋሽ ሥር ያደርኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ፣ ከአንገትሽ የወጣው ዕጢ ይሠራ የነበረውን ከእንግዲህ ይህች ትንሽ ኪኒን ናት የምትሠራልሽ፤ ዕድሜ ልክሽን በየቀኑ በውኃ ትወስጃለሽ ሲል ሁለታችንም ሰምተናል። በውኃ ማለቱንም ሰምቻለሁ። ግን ለታመመ ሰው ጠዋት ባዶ ውኃ መስጠት ነውር መሆኑን በእናታችሁ ቤት ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። የቡና ቅጠሉን አምሶ፣ ዝንጅብሉንና ሚጥሚጣውን ወቅጦ ጨሞ ማፍላት የተማርኩት ከእናትሽ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ በአንድ እጄ ኪኒኗን፣ በሌላው ጨሞውን በሽክና አቀብልሽ ነበር።

ወራት ሳይቆይ ፊትሽ አበጠ፣ ድምፅሽ ሻከረ፣ በሚዛን ሙቀት በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደረብሽ። የደም ምርመራው ሲመጣ ሐኪሙ አንቺን ከክፍሉ አስወጥቶ «እየወሰደች አይደለም» አለኝ። መጠኑንም ጨመረው። ጥርጣሬ ቤታችን የገባው ያን ቀን ነው። ጸሎት ቤት ተፈውሰሻል ብለዋት ትታው ይሆናል አልኩ። ወይም ኤፍሬምን ልትከተል ፈልጋ ይሆናል አልኩ፤ ይህንን ለማንም አልተናገርኩም። ኪኒኖቹን በየማታው እየቆጠርኩ ከካላንደሩ ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ፍራሽሽን ገልብጫለሁ። የጓሮውን ቦይ በእንጨት ጭሬ ፈልጌያለሁ። ምንም አላገኘሁም፤ አለማግኘቴ ግን ጎበዝ ደባቂ አስመሰለሽ እንጂ ልቤን አላሳረፈውም። አንድ ጠዋት ልክ እንደዋጥሽ፣

«አፍሽን ክፈቺ» አልኩሽ።

ከፈትሽ። ሳልጠይቅሽ ምላስሽንም አነሳሽልኝ።

«እህት ዓለም፣ እግረ መንገድሽን ጥርሴንም ቁጠሪው» ብለሽ ሳቅሽ።

እኔ አልሳቅሁም። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ብስቅልሽ ኖሮ ቤቱ ይተርፍ ነበር።

ከዚያ በኋላ አንቺም ከመጠጣትሽ በፊት ሽክናውን ማሽተት ጀመርሽ። አይቼሻለሁ። ለሲሞን የነገርሽው ነገር እንዳለ የገባኝ ግን ከቴፒ መጥቶ፣ ተቀመጥ ስለው ሳይቀመጥ፣

«ሰርካዲስ፣ እስኪ አንቺ ቅመሽው» ሲለኝ ነው።

«ሁልጊዜም እጠጣለሁ» አልኩት።

«ከምንቸቱ አይደለም። ከእሷ ሽክና።»

ጨልጬ ጠጣሁት። ያኔ ተቀመጠና እወድቅ እንደሆነ ሲያየኝ ቆየ። እኔም አየሁት። ሳልወድቅ ስቀር የተናደደ መሰለኝ።

«ያበጀው ሰው ማርከሻውንም ያውቃል» አለና ልብስሽን በማዳበሪያ ከረጢት ከተተው።

አንቺ ባጃጅ ውስጥ ሆነሽ ዞር አላልሽም። «የሟች ሚስት ቤቱን ፈልጋ ልትገድላት ነበር» የሚለው ወሬ ገበያ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም።

እኔ ያው የምሸጠውን ኦቾሎኒዬን ይዤ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዎች የጣሉትን ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ቤት በኪሎ እንደምገዛ፣ ኦቾሎኒ ከመጠቅለሌም በፊት እንደማነበው ታውቂያለሽ። ስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የተማርኩት በዚህ ነው፤ ግማሽ ገጽ ስለ አፈር፣ ግማሽ ገጽ ስለ ግብር። ባለፈው ወር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያስረዳ ገጽ ደረሰኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ በዳር በዳሩ ግን ተማሪው በአማርኛ ጽፎበታል። ለሁለት ቀን ሳልጠቀልልበት ያዝኩት።

የዋጥነው ነገር ሆዳችን ገባ ማለት ሰውነታችን ገባ ማለት አይደለም ይላል። አንጀት ውስጥ ያለ መድኃኒት ገና ደጅ ነው። ደም ለመድረስ አንጀትን የሸፈኑትን ደቃቅ ሕዋሶች ማለፍ አለበት፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ደግሞ ከስብ በተሠራ ስስ ሽፋን የተከበበ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ከስቡ ጋር ስለሚስማማ በራሱ ሰርጎ ይገባል። ሌላውን ሽፋኑ ላይ የተተከሉ አሳላፊዎች ተቀብለው ያሻግሩታል። ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ የመጣውን ግን አያሳልፉትም፤ እዚያው ቀርቶ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከሥር ተማሪው «ብረት፣ ወተት፣ ቡና» ብሎ አስምሮበታል። ተከታዩ ገጽ የለም። ለማን ኦቾሎኒ እንደጠቀለልኩበት እግዜር ይወቅ።

ወረቀቱንም ተጠራጠርኩት። ፋርማሲ ወስጄ ለይሄይስ አሳየሁት፤ መድኃኒትሽን የሚሸጥልን ቀጭኑ ሰውዬ። እሱ ደግሞ እኔን ተጠራጠረ፤ ማን እንደላከኝ ጠየቀኝ። ከዚያ ኪኒኗን በምን ትውጥ እንደነበር ሲጠይቀኝ በጨሞ አልኩት።

«በውኃ አልተባላችሁም?»

«ጨሞ ውኃ አይደለም እንዴ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቡና ይህንን ኪኒን አንጀት ውስጥ እንደሚያስቀር የታወቀ ነው አለኝ። ቅጠሉን ለይቶ ያጠና ሰው አላውቅም፤ ቢሆንም ያው ዛፍ ነው፣ እኔ ብሆን አብሬ አልሰጥም አለ። ጨሞው መርዝ አይደለም፤ ኪኒኗን ነው የሚያስቀራት። እኔንም ያልጣለኝ ለዚህ ነው።

ንጋቷ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አንቺ ንጹሕ በመሆንሽ አይደለም፤ እኔ መርዘኛ ባለመሆኔ ነው። ቴፒም ሆነሽ በየጠዋቱ በጨሞ እየዋጥሽ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ቤቴ ከደረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ራሴንም በሙሉ ልቤ አላምንም።

ሌላም አደጋ አለ። ሐኪሙ መጠኑን የጨመረው አትወስድም ብሎ ነው። አሁን በውኃ ስትወስጂው በሙሉ ይገባና ሊበዛብሽ ይችላል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ በጨሞ እወስድ ነበር በይው፤ መጠኑን እሱ ይወስን፤ ደምሽም ከስድስት ሳምንት በኋላ ይታይ። ልብሽ በኃይል ከመታ፣ እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አትጠብቂ። ኪኒኗን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ።

ይህን በመጻፌ ምን እየሰጠኋችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ሲሞን ሽማግሌ ሰብስቦ «በእጇ ጽፋ አመነች» ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያንብበው። ሽክናው ውስጥ አንድ ነገር አለ ብላችሁ ነበር፤ አለ። ያቀበልኩሽም እኔ ነኝ። ሳላውቅ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ሰው የለኝም። ስለዚህ ምስክር እንዳትፈልጉ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ፈርሜበታለሁ።

ሰርካዲስ ኃይለጊዮርጊስ
የኤፍሬም ሚስት፣ ሚዛን