ያልለቀቀ ሳሙና

ሁለተኛዋ እናቴ እትዬ፣ ናፍቆቴ ካለሁበት ካለሽበት ይድረስ። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? የእማማ ዐይን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠራላት? ትንሿ ልጅሽስ ሳሉ ለቀቃት? እኔን ከጠየቅሽ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም፣ አልዋሽሽም።

ዘንድሮ እመረቃለሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ቀርቷል። ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

የምሠራው እንዲህ ነው። ውሃና ጋዝ በወፍራም የብረት ዕቃ ታሽገው፣ በብርድና በግፊት ሲያዙ፣ ውሃው ጋዙን አቅፎ በረዶ መሰል ነገር ይሆናል፤ ክብሪት ቢጭሩበት የሚነድ በረዶ። ጋዝ ለማጠራቀም ይጠቅማል ይላሉ። ችግሩ ዳተኛ ነው፤ ዝም ብለው ከተዉት ቀናት ይፈጃል። ሳሙና መሰል ነገር ጠብ ሲያደርጉበት ግን ጋዙ ውሃው ውስጥ ቶሎ ይገባና ወዲያው ይረጋል። ሳሙናው ደግሞ ጋዙ ሲለቀቅ አረፋ እያበዛ ቧንቧ ያስቸግራል። እኔ በሳሙናው ፋንታ ናኖ የሚሉት፣ ከዱቄት ሺህ ጊዜ የላመ ብናኝ ብቻውን ይበቃል አልኩ። በሃያ ደቂቃ ረጋልኝ። ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ጓደኞቼም ‘ብናኙ’ ብለው ስም አወጡልኝ።

ሁልጊዜ ጋዙን ቀስ አድርጌ ነበር የምለቀው። ባለፈው ወር ቸኩዬ ድንገት ብለቀው በዕቃው የመስታወት መስኮት አረፋ ግጥም ብሎ ታየኝ። ብናኝ አረፋ አያወጣም። መጀመሪያ ዐይኔን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ እጄን። ሳሙና ያልነካው ዕቃ ታጠበ አይባልም እያልሽ ነው ያሳደግሽኝ። እዚህ ደንቡ በተጣራ ውሃ ብቻ ማለቅለቅ ነው። እኔ ግን ንጹሕ ሠራተኛ ነኝ ብዬ፣ ሥራ ሳበቃ ለራሴ ሳህን በገዛሁት ሳሙና እፈትገው ነበር። ለካ በክዳኑ ጥርሶች መሃል የቀረችው ሳሙና ናት ሁሉን የሠራችው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኸው ነው። አንቺን መውቀሴ አይደለም እትዬ፣ ሞኝነቱ የእኔ ነው።

ሃያ ጊዜ አለቅልቄ ሙከራውን ደገምኩት። ሦስት ቀን ወንበር ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ። ጋዙ ውሃው ውስጥ ሲገባ መውረድ የነበረበት የግፊቱ መርፌ ንቅንቅ አላለም። የአራት ዓመት ልፋቴን ውሃ በላው።

ከእኔ በቀር ያወቀ ስላልነበረ ዝም ልበል ብዬ ነበር። ግን ሌላው በእኔ ውጤት ላይ ተመሥርቶ ዕድሜውን ሲፈጅ ታየኝ። ትናንት ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ፣ የሚጨመር ጊዜ ግን የለም አሉኝ። አንዱ ባልደረባዬ ሳሙናውንና ብናኙን አንድ ላይ አድርገህ እንደ አዲስ ጀምር ይለኛል። በየትኛው ጉልበቴ? የመኖሪያ ፈቃዴም ከትምህርቱ ጋር ያበቃል። ሰኔ ላይ ባዶ እጄን እመጣለሁ።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እሱ እንኳ አይስቅብኝም። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ታላቅየው ኬሚስትሪውን እንዳይጠላ፣ ጥፋቱ የአጎቱ እንጂ የትምህርቱ አይደለም በዪው። የእማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ጎረቤቱ ‘የዶክተሩ እናት’ እያለ ሲጠራት አቤት ማለት ጀምራለች ብለሽኛል። እስክመጣ አትንገሪያት። እነዚህን አራት ወራት እንኳ አቤት ትበል።

ወንድምሽ
ከቤተ ሙከራው፣ የካቲት 12 ቀን