ጥቁሩን የምቀባልሽ እኔ ነበርኩ

ሌንሳዬ፣

ከሄድሽ አራት ዓመት አልፎ አምስተኛው ተጋመሰ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ከመዝገብ ቤት ስወጣ ዓይኔ ይቃጠላል፤ ቤት ስደርስ ደግሞ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። አንዱ ሥዕሎችሽን ፎቶ ላንሳ ይላል። ሌላው ከዩኒቨርሲቲው ይመጣና ስለ አንቺ ጥናት እየሠራሁ ነው ብሎ የት ተቀምጠሽ ትስዪ እንደነበር ይጠይቀኛል። እመልስለታለሁ። ሲወጡ ቤቱ ጭር ይላል፤ ያኔ ነው ድካሙ የሚብሰው።

ልጃችን ኪያ ጤና መኮንን ሆና ካቺሲ ተመድባለች። በወር አንዴ ትመጣለች፤ መጥታ መጀመሪያ የምታደርገው ጠረጴዛሽን መወልወል ነው። የጓሮው ኮክ ደርቆ አስቆረጥኩት። ዝናብ ሲሆን የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ዛሬም አላስጠገንኩትም፤ ባልዲ አስቀምጥበታለሁ።

ባዮሎጂ ስታስተምሪ ሰሌዳው ላይ የሳልሽውን ልብና ኩላሊት ማጥፋት ልጆቹን ያሳዝናቸው እንደነበር እስከ አሁን ይወራል። ኮሚክ እሠራለሁ ስትዪ ግን ለማንም አልገባውም። እዚህ እኛ ዘንድ ኮሚክ የሚባለው የሚያስቅ ሰው ነው፤ እናቴ እንኳ «ሚስትህ ቀልደኛ ልትሆን ነው እንዴ?» ብላኛለች። የሳልሽው ግን የሚያስቅ አልነበረም፤ ገጽ በገጽ በሥዕል የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ቦንቱ የምትባል፣ ከመሬት በታች የሚሄደውን ውሃ የምትሰማ ልጅ ታሪክ ነው። የት ቢቆፈር ውሃ እንደሚወጣ ታውቃለች፤ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ትናገራለች፤ የሚያምናት የለም። ቢሮ ውስጥ በአማርኛ ትናገራለች፤ ለእናቷ በኦሮምኛ፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትሆን በአንዱ ጀምራ በሌላው ትጨርሳለች። ልክ እንደ እኛ ቤት። እንደዚያ ያለ መጽሐፍ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

እኔ ሥዕል አልችልም፤ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም። አንቺ መስመሩን ታወጪና ጥቁር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ትንሽ ኤክስ ታደርጊ ነበር፤ እኔ በብሩሽ እሞላዋለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃል አንለዋወጥም። ከዚያ በድንገት «የኪያ አባት፣ መስመሬን አለፍክ» ትዪኛለሽ።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ታሪኩን አላነበብኩትም። የምሞላውን ጥቁር እንጂ የተጻፈውን አላይም ነበር። አንብቤዋለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው።

ሕመሙ ጠንቶ አዲስ አበባ ለሕክምና ስንመላለስ፣ አውቶቡሱ አዲስ ዓለም ከተማ ላይ ሲቆም መስኮቱን ተደግፈሽ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሰው ፊት ትስዪ ነበር። መድኃኒቱ ጣቶችሽን ሲያደነዝዛቸው እርሳሱ ከእጅሽ ይወድቅ ጀመር። አንስቼ እሰጥሻለሁ፤ ደግሞ ይወድቃል። የመጨረሻው ገጽ ላይ መስመሩ ተጣሞ ነበርና ላቃናልሽ ስል ተቆጣሽኝ። እንደተጣመ ተውኩት። ያን መጽሐፍ ለአሳታሚ ሁለት ጊዜ ወሰድሽ፤ ከሁለቱ ቋንቋ አንዱን ምረጪ ሲሉሽ ሁለቱንም ጊዜ ይዘሽው ተመለስሽ። ተማሪዎችሽ ግን ፎቶ ኮፒ እያደረጉ ይቀባበሉት ነበር።

እንግዲህ ወደምፈራው ልምጣ። ካረፍሽ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው አሳታሚ ደወለልኝ። በአንድ ቋንቋ ብቻ ይሁን እንጂ በጥሩ ወረቀት፣ በስምሽ እናወጣዋለን አለኝ። ሌንሳ፣ ፈረምኩ። ማንም አላስገደደኝም። መጽሐፉ ከወጣ ሰዉ እሱን ያነባል፣ እኔን መጠየቁን ይተዋል፣ አርፋለሁ ብዬ ነው። ለኪያም አልነገርኳትም።

ከፈረምኩ ወር ሳይሞላ ገመቹ የሚባል የድሮ ተማሪሽ መጣ። አሁን ጌዶ አስተማሪ ነው። «ኦቦ፣ አንድ ቀን መጥተው ልጆቼን ይዩልኝ» ብሎ ለመነኝ። እሱን ለመገላገል ብዬ ሄድኩ። ልጆቹ የደብተር ወረቀት ሰፍተው የሠሯቸውን መጻሕፍት ዴስኩ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ያንቺ መጽሐፍም መሐል ላይ ነበር፤ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። እኔ የቀባሁት ጥቁር ግራጫ ሆኗል፤ ግን ብሩሼን አወቅኩት።

አንዷ ልጅ አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ነቀምት መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቀረበትን ቀን ስላለች። እናትየዋ ከመኪናው ባለቤት ጋር ስልክ ላይ በአማርኛ በትሕትና ትነጋገራለች፤ ስልኩን ዘግታ በኦሮምኛ ታለቅሳለች። በሁለት ቋንቋ መጻፍ ማን አስተማረሽ አልኳት።

«ማንም። እማዬ እንደዛ ነው የምታወራው» አለችኝ።

ገመቹ ወንበር አመጣልኝ። እዚያው ክፍል ውስጥ ያንን የደበዘዘ ኮፒ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ልጆቹ ጠበቁኝ። ቦንቱ ቢሮ ገብታ፣ የምታውቀው ነገር በአማርኛ አልመጣ ብሏት፣ ዝም ብላ የምትወጣበት ገጽ ላይ ስደርስ እኔ ምን ላይ እንደፈረምኩ ገባኝ።

ለኪያ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «አባዬ፣ ብቻህን እንዳትሄድ» አለችኝ። አብረን አዲስ አበባ ሄደን ውሉ ይቅር አልን። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። እሱም እንደ እኔ የደከመው ይመስላል። «ታዲያ እንዲህ ሆኖ ማን ሊያነበው ነው?» አለ። ጌዶ እያነበቡት ነው አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን መለሰልኝ።

ስለዚህ መጽሐፍሽ አልታተመም። የሚታተም መሆኑንም አላውቅም። ልጆቹ ፎቶ ኮፒ ቤት እየሄዱ ያባዙታል፤ እኔም ዋናውን ስጠየቅ አውጥቼ አውሳለሁ። ጠያቂው አልቀነሰም፤ ድካሜም እንዳለ ነው።

ባለፈው ሰኔ የድሮ ተማሪዎችሽ መታሰቢያ አደረጉልሽ። ትዕግሥተኛ ነበረች፣ ዝምተኛ ነበረች፣ መልአክ ነበረች አሉሽ። አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ሌንሳ፣ አንቺና ትዕግሥት ምን አገናኛችሁ! ስትስዪ አስነጥሼ ሦስት ቀን አኩርፈሽኛል። ድስት ጥደሽ ረስተሽ ስንቱን አሳርረሻል። ይቅርታ መጠየቅ ሞትሽ ነበር፤ በይቅርታ ፋንታ ካልሲዬን አጥበሽ ታሰጪልኝ ነበር፤ ታርቀናል ማለት ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

እነሱ መልአኳን ይያዙ። እኔ ቃል የምገባልሽ አንቺን ራስሽን እንደምይዝ ነው፤ ከነቁጣሽ፣ ከነኩርፊያሽ። እርጅናው ሌላውን ሁሉ ቢወስድብኝ እንኳ፣ ከነበርሽው አሳምሬ አላስታውስሽም።

ባልሽ