ጨዋው ዓሣ

ጁባ፣ ቅዳሜ ጥቅምት 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ባለቤቴን ዛሬ ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም።

ባለፈው ሳምንት ለቤታችን የመስታወት ገንዳ ተጨማሪ ዓሣ ልንገዛ ማላኪያ ገበያ ሄድን። እኔ ክንፋቸው ያልተቀደደውን፣ ምግብ ሲጣል የሚሻሙትን መረጥኩ። እሱ ጥግ ይዞ የተኮራመተ አንድ ዓሣ ወደደ።

«ታሞ ነው እኮ! ነጭ ነጥቡ አይታይህም?» አልኩት።

«ጨዋ ሆኖ ነው። እንዳንቺዎቹ አይቅበጠበጥም።»

ሻጩ ደስ ብሎት በዓረብኛው «ኩዌስ፣ ኩዌስ!»፣ ጥሩ ነው፣ እያለ በላስቲክ ቋጠረለት።

ቤት ስንደርስ ለብቻው በባልዲ እናቆየው ብል ማን ሰምቶኝ! «እንግዳ ብቻውን ይተዋል እንዴ?» ብሎ ከነባሮቹ ጋር ቀላቀለው።

ይኸው ዛሬ ሁሉም ነጭ ነጥብ አውጥተው ከታች ተኝተዋል። ምግብ ብጥልላቸው ቀና የሚል ጠፋ። እኔ እርር ድብን ስል፣ እሱ አጎንብሶ አያቸውና «አየሽ፣ ሁሉም ጨዋ ሆኑ» አይለኝም!