ከመሀል የሚጀመር ፊልም

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ምንም የለም። ፒኜቶ ከተማ አይደለም፣ ሮም ውስጥ የተረሳ መንደር ነው። ባሩ ደጅ ላይ እነዚያው ሽማግሌዎች፣ ያንኑ ካርታ። ድመቷ እንኳን ሰልችቷት ትራሙን ማባረር ትታለች።

ትምህርት ቤት ከተውኩ ወዲህ ቀኑ አያልቅም። ተጸጸትኩ? ኧረ! ከሕፃናት ጋር አስቀምጠውኝ፣ አንዱ ፀጉሬን ሲጎትተኝ ዝም ልለው ኖሯል? መዝገበ ቃላቱን አናቱ ላይ አሳረፍኩለት። አለቀ።

ደግነቱ ሐሙስ ነው። እማዬ የአሠሪዋን የሲኞራዋን የምሳ ሳህን አጥባ መጣች። እሷ፣ እኔ፣ ቤታቸው ያስጠጉኝ እትዬ ኣስገደት... ቀጥ ብለን ሲኒማ ቤቱ፣ ቺኔማ ስቴላ። እንደ ሁልጊዜው ፊልሙ መሀል ላይ ደረስን። ሳህን ታጥቦ እስኪያልቅ ማን ይጠብቃል? መጨረሻውን ዓይተን፣ መብራት በርቶ ጠፍቶ እንደገና ሲጀምር ዓይተን፣ የገባንበት ቦታ ላይ ሲደርስ እማዬ ቦርሳዋን አነሳች። "እዚህ ጋ ነው የገባነው። በሉ እንነሳ።"

የዛሬው የመርከብ ካፒቴን ነው። በወባ ሞተ፣ ባሕር ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ፈረስ ላይ ሆኖ ሳቀ፣ አገባ። ስንወጣ የእማዬ ፊት በርቷል።

"ስወድለት! ባሕር ተጥሎ ድኖ ለሠርጉ በቃ!"

"እግዜር ሲምር እንዲህ ነው" አሉ እትዬ ኣስገደት።

ሁለቱም ፊልም እንዲህ ይመስላቸዋል። ሰው መጀመሪያ ይሞታል፣ በኋላ ይድናል። እማዬ ሮም ሳትመጣ ሲኒማ ገብታ አታውቅም። ልንገራት? ምን ቸገረኝ...

ፌርማታው ላይ ግን ነገር አመጣች። "ለሲኞራዬ እህት ነግሬልሻለሁ። ፊሳ ትገቢያለሽ። በሐምሌ አጋማሽ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ይዘውሽ ይሄዳሉ።"

ፊሳ! የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ከወጥ ቤት ጎን ባለች ጉሮኖ እያደርኩ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ሰው ልሆን! እንቢ አልኩ። "እናያለን" አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 14

ከገበያ ያገኘሁት ልብ ወለድ መጨረሻው ተገንጥሏል። ለእትዬ ኣስገደት ሦስት መጨረሻ ፈጠርኩላቸው። ሦስተኛውን ወደዱት። አማቲቱ ጉድጓድ ስለገባች ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 17

አፌን ምነው በቆረጠው።

ከሲኒማ ስንወጣ እማዬ ደግሞ ፊሳ አለች። እንቢ! አልኩ። "አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" ስትለኝ ደሜ ፈላ።

"እኔ ነኝ የማላውቀው? ካፒቴኑ እኮ ሞቷል! የሞተው መጨረሻ ላይ ነው! መሀል ላይ እየገባን ነው እንጂ የዳነ ሰው የለም!"

እትዬ ኣስገደት ቆሙ። "ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ያቺ የሌላው ፊልም ነርስስ?"

"ባቡር ገጭቷት ሞታለች።"

"ልጅ ወልዳ አልነበር እንዴ?"

"መጀመሪያ ነዋ የወለደችው!"

"ወይ ጉድ... ታዲያ ስንቱን ቀብረናል!"

ልስቅ ስል የእማዬን ፊት አየሁት። ድምፅዋን እንኳን ከፍ አላደረገችም።

"አገር ቤት በሬዲዮ የተገደለ ሰው ስም ሲነበብ እየሰማሁ ነው የመጣሁት፣ ጽጌ። እዚህ በሳምንት አንድ ሰው ቢድንልኝ ምን ጎዳሽ?"

ትራሙ ላይ ወጣች። ዞራ አላየችኝም።

እሁድ፣ ሰኔ 20

አልመጣችም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 24

ዛሬም። እትዬ ኣስገደት "አሎራ፣ እንግዲህ አንቺ ምላስሽን ጎርሰሽ ብትተኚ ምናለ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሰኞ፣ ሰኔ 28

ጣሊያን ብራዚልን አሸነፈ! ባሩ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። አንዱ ሽማግሌ ሳመኝ፣ ገፈተርኩት፣ መልሶ ሳመኝ። እንደዚህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

የስቴላው ባለቤትና ትኬት ቆራጭ ሶር ናንዶም ሲኒማውን ባዶ ትቶ ከኛው ጋር ይጮሃል። ያኔ ነው የመጣልኝ።

"ለባዶ ወንበር ፊልም ማሳየት አልሰለቸህም?"

"ሰው ሁሉ ኳስ ላይ ነው፣ ምን ላድርግ?"

"ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሰዓት አዘግየውና አስር ሰዓት ላይ ጀምር። የሰው ቤት ሠራተኛ ሁሉ ያኔ ነው ሳህኑን አጥቦ የሚወጣው። ሰዎቹን እኔ አመጣልሃለሁ።"

"አንቺ?"

"ካላመጣሁ እንዳትከፍለኝ።"

"ቫ ቤኔ" ብሎ ተስማማ። ብራዚል ላይ ሦስት ጎል ሲገባ ያየ ሰው እንቢ አይልም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

ከምሳ ጀምሮ ያገራችን ሠራተኞች የሚሰበሰቡበትን ቪያ ቮልቱርኖን ዞርኩት። "ፊልም ከመጀመሪያው! እየተረጎምኩ!" ጉሮሮዬ ተዘጋ። ግን መጡ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አምስት ረድፍ ሞሉ። ሌላ ሰው የለም፣ ጣሊያን ከፖላንድ ይጫወታል።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ ባልየው ተቀበረ። ካህኑ ይጸልያል፣ ሴቱ ሁሉ ይነፋረቃል... ከውጭ መንገዱ በሙሉ "ጎ-ኦ-ኦ-ል!" አለ። ሴቶቹ እያለቀሱ ሳቁ። እኔም ሆዴን ይዤ።

ሶር ናንዶ ሐሙስና ቅዳሜ ነይ አለኝ። በጨለማ ወንበር ማሳያውን የእጅ ባትሪም ሰጠኝ። እማዬ ግን አልመጣችም። እትዬ ኣስገደት "ሥራ ማግኘትሽን እነግራታለሁ" ብለዋል።

የባሕሩ ጉዞ ደረሰ። ልብሴን አላሰርኩም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 8

ናንዶን ለምኜ የካፒቴኑን ፊልም አስመለስኩት። በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንድ... ሌላ... እማዬ የለችም። ሊጀምር ሲል እያለከለከች ደረሰች።

"ሲኞራ፣ በዚህ በኩል።"

"መብራትሽን ከዓይኔ ላይ አንሺ፣ ባለጌ።"

ባለጌ አለችኝ! ታርቀናል ማለት ነው።

መጀመሪያ ፈረሱ፣ ሠርጉ፣ ከዚያ ወባው፣ ባሕሩ። እስከ መጨረሻው አየችው። መብራት ሲበራ ሴቶቹ ተነሱ፣ እሷ አልተነሳችም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ አለቀ።"

"አየሁት። ደግሞ ይጀምራል አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያ እስኪድን ቁጭ በይ።"

ጨለመ። ካፒቴኑ ፈረሱ ላይ መጥቶ ሳቀ። ዓይኗን ሳትነቅል "ለሲኞራዬ እህት ሌላ ሰው ፈልጊ ብያታለሁ። ልጄ ሥራ አላት አልኳት" አለች።

ላቅፋት ዞርኩ። ከዚያ፦

"ሥራው ሐሙስና ቅዳሜ ነው አሉ። በቀረው ቀን የማታ ትምህርት ትገቢያለሽ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጮህ ነበር። "መዝገበ ቃላቱን ይዤ ልግባ?" አልኳት። በክርኗ ጎሸመችኝ።

ሠርጉ ላይ ስንደርስ ቦርሳዋን አነሳች። ሙሽሮቹ ገና ይጨፍራሉ።

"በቃ። እዚህ ላይ ይለቅልኝ።"

ባትሪዬን አብርቼ እስከ በሩ ሸኘኋት።